በአሮጌ የጀልባ ሞተር ላይ የተበላ የነዳጅ መስጫ ማያያዣን የመጠገን አሠራር

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ካለችው ከጎርጎራ በሚነሡ ጀልባዎች ላይ የሚሰቀለው ሞተር ዕድሜው የገፋ ሲሆን፣ አንድ ችግር ባሳየ ቁጥር ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ካርቡሬተሩን ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ይጠፋል፤ እጀታው ሲጠመዘዝ ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳይሰማ ይቆይና በድንገት ይዘልላል፤ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶትም የቀድሞ ፍጥነቱን አያገኝም። ካርቡሬተሩ ተፈትቶ፣ ታጥቦና በአየር ተነፍቶ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላም ሕመሙ ያው ከሆነ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በእጅና በካርቡሬተሩ መካከል ያሉት ዘንጎች፣ ፒኖችና ቡሾች (ፒኑ በውስጣቸው የሚዞርባቸው ቀለበቶች) መበላታቸው ነው። ስለዚህ ካርቡሬተሩን ከመፍታት በፊት ልልነቱን መለካት ይገባል። ልልነቱ ከተገኘ በኋላም ዘንጉን በማስረዘም ወይም ጠንካራ ሞላ በመጨመር መሸፈን አይገባም፤ የተበላውን ቦታ ወደ ቀድሞ ልኩ መመለስ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በፑንቲና (በመገናኘትና በመለያየት የካንዴላውን እሳት በሚያስነሣው መነካኪያ) ለሚሠሩ፣ ባለሁለት ምትና በእጅ መሪ ለሚነዱ የቆዩ ሞተሮች ነው።

አሠራሩን ማወቅ

እጀታው ሲጠመዘዝ በመሪው ክንድ ውስጥ ያለ ዘንግ ይዞራል። ዘንጉ በትንንሽ ጥርሶች አማካይነት በሞተሩ ጎን ያለውን ክንድ ያንቀሳቅሳል። በብዙ የያማሃ ሞተሮች ላይ ግን ይህን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ኬብሎች ናቸው፤ አንዱ ሲጎትት ሌላው ይለቃል። ክንዱ በአጭር ዘንግ ከቮላኖው (ከሞተሩ ከባድ መሽከርከሪያ) ሥር ያለውን የማግኔቶ (የእሳት ማመንጫ) ገበታ ያዞራል፤ ፑንቲናዎቹ በዚህ ገበታ ላይ ስለተቀመጡ ገበታው ሲዞር ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ይቀድማል። ገበታው ላይ የታሰረው ካም (ጎባጣ ገጽ ያለው ገፊ) ደግሞ በካርቡሬተሩ በኩል ያለችውን ትንሽ ሮለር ይገፋል፤ ሮለሯም ቢራቢሮ የሚባለውን የአየር በር ትከፍታለች። እንግዲህ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ሁለት ሥራዎችን አብሮ ይሠራል፤ እሳቱን ያስቀድማል፣ አየርና ቤንዚኑን ይጨምራል። ሁለቱ እንደተስማሙ ካልሄዱ ሞተሩ ይታነቃል ወይም ያንኳኳል።

ትንሽ የምትመስል ልልነት ምን ያህል እንደምትጎዳ በሒሳብ ማየት ይቻላል። በመስመሩ ላይ አራት መገጣጠሚያዎች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው 0.4 ሚሊ ሜትር ቢላሉ፣ ድምሩ 1.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ልልነት 20 ሚሊ ሜትር በምትረዝም የካርቡሬተር ክንድ ላይ ሲደርስ ቢራቢሮውን በ4.5 ዲግሪ ያህል ያዛባዋል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ቢራቢሮው የሚከፈተው ለጥቂት ዲግሪዎች ብቻ በመሆኑ፣ ይህ መዛባት ሞተሩ በመሥራትና በመጥፋት መካከል እንዲዋልል በቂ ነው።

የጣና ውኃ ጨው አልባ ስለሆነ፣ በባሕር ላይ ሞተሮችን የሚበላው የጨው ዝገት በእኛ ዘንድ ዋና ጠላት አይደለም። የእኛ ጠላት ደለል ነው። በክረምት መገጭና ሌሎቹ ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚያወርዱት ደቃቅ አፈር ከውኃው ጋር እየተረጨ በግራሶ በተለወሱት መገጣጠሚያዎች ላይ ይለጠፋል፤ ግራሶውና አፈሩ ተቀላቅለው ፒንና ቀዳዳውን እየሞረዱ ይውላሉ። በሰሜኑ ዳርቻ የሚሠሩ ጀልባዎች በእምቦጭ መካከል ሲያልፉም ነጂው ነዳጁን ደጋግሞ መቀነስና መጨመር ስላለበት፣ ማያያዣው በአንድ ጉዞ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

ከሥራው በፊት

የካንዴላ ገመዶችን ከካንዴላዎቹ ላይ ነቅለው ከሞተሩ አካል ጋር ያገናኙ፤ ቮላኖው በእጅ በሚዞርበት ጊዜ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሣ የሚያደርገው ይህ ነው። የቤንዚን ቱቦውን ከሞተሩ ላይ ያላቅቁ፤ ሥራውም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። ሞተሩን ከጀልባው አውርዶ በጠንካራ የእንጨት መቆሚያ ላይ ማሰር ይመረጣል፤ በውኃ ላይ ቆሞ የወደቀ ፒን ተመልሶ አይገኝም። ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት ማያያዣውን ከሦስት አቅጣጫ በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ እያንዳንዱ ዘንግ ከየትኛው ቀዳዳ ጋር እንደተያያዘም ምልክት ያድርጉ። በአንዳንድ ክንዶች ላይ ሁለትና ሦስት ቀዳዳዎች ተቀራርበው ስለሚገኙ በማስታወስ ብቻ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

ለሥራው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የመፍቻ ቁልፎች፣ ካሊፐር፣ ሞርሳ፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ አዲስ ኮፒሊያዎች (ፒን እንዳይወጣ የሚይዙ ተጣፊ ሽቦዎች) እና ቀጭን ሮንዴላዎች ያስፈልጋሉ። ቡሽና ፒን ለማስቀረጽ ደግሞ ከቶርኖ ቤት ጋር መነጋገር ግድ ነው። ኤቪንሩድ የተባለው የጀልባ ሞተር በ1909 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ስም ቢሆንም ምርቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ስለቆመ፣ ለእንዲህ ያለ ሞተር ሁሉንም ዕቃ በአዲስነት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ደግነቱ ማያያዣው ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ ለቶርኖ ባለሙያ በጣም የሚመች ክፍል ነው፤ ክብ ፒን፣ ክብ ቡሽና ክብ ሮለር ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ቀን ሊሠሩ ይችላሉ።

ልልነቱን መለካት

እጀታው ላይና በመሪው ክንድ ላይ ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት ጭረቶች በቀለም ያድርጉ። አንድ ሰው የማግኔቶ ገበታውን ክንድ አጥብቆ ይያዝ፤ ሌላው እጀታውን ወዲያና ወዲህ በቀስታ ይጠምዝዝ። ክንዱ ሳይንቀሳቀስ እጀታው የሚሄደው ርቀት በመሪው ውስጥ ያለው ልልነት ነው። ቀጥሎም እጀታውን ይያዙና በየመገጣጠሚያው ላይ ጣት አድርገው ዘንጎቹን አንድ በአንድ ይነቅንቁ። ዓይን የማያየውን መነቃነቅ ጣት ይሰማዋል፤ በተለይ አንድ ጣት ፒኑንና ክንዱን አንድ ላይ እንዲነካ ሆኖ ሲቀመጥ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ይታወቃል።

የመላሹ ሞላ ሁሉንም መገጣጠሚያ ወደ አንድ ወገን ስለሚስበው፣ ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ማያያዣው ጥብቅ ይመስላል። ስለዚህ ለመለካት ሞላውን ለጊዜው ያላቅቁ። የየመገጣጠሚያውን ልክ በወረቀት ይጻፉ፤ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ የላላ ሁሉ ይሠራ፤ ከዚያ በታች ያለው ታጥቦ ዘይት ይቀባ።

መፍታትና መመርመር

ኮፒሊያዎቹን አውጥተው ይጣሉ፤ አንዴ የታጠፈ ኮፒሊያ ለሁለተኛ ጊዜ አይታመንም። አልላቀቅ ያለ ፒን ካለ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ተደርጎበት ይደር እንጂ በመዶሻ አይመታ። የድሮ ሞተር ክንዶች አብዛኞቹ የአሉሚኒየም ቀልጦ ሥራ በመሆናቸው አንድ ምት ሊሰብራቸው ይችላል። የተፈቱትን በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ አጥበው በጨርቅ ያድርቁ።

የፒኑን ገላ በጥፍር ጫፍ ከዳር ወደ መካከል ይሳቡ። ጥፍሩ የሚወድቅበት ደረጃ ካለ ፒኑ ተበልቷል፤ ከደረጃው ውጭ ባለው ባልተነካው ዳር ላይ ካሊፐር ሲደረግም የቀድሞው ልክ ይገኛል። ቀዳዳውን ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ይለኩ፤ ሞላው በሚስብበት አቅጣጫ የሚገኘው ልክ ከአግድሙ ከበለጠ ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል ማለት ነው። ከዚህ በፊት በሌላ ሰው የተጠገነ ሞተር ከሆነ በፒን ፈንታ እስከ ጭንቅላቱ ጥርስ ያለው ቡሎን ገብቶ ሊገኝ ይችላል። ይህ ፈጽሞ መወገድ አለበት፤ የቡሎኑ ጥርስ ቀዳዳውን እንደ መጋዝ ይበላዋልና።

ፒንና ቡሽ ማሠራት

ከሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። ሞላላ የሆነውን ቀዳዳ በትልቅ ፑንታ እንዲሁ መብሳት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ፑንታው የተበላውን ወገን ተከትሎ ስለሚሄድ የአዲሱ ቀዳዳ እምብርት ከቀድሞው ቦታ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ቡሹ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የክንዱ ርዝመት ተለውጧልና እሳቱና አየሩ አይስማሙም። ትክክለኛው እምብርት የሚገኘው ካልተበላው ወገን በመነሣት ነው። ቀዳዳው ሲሠራ 6 ሚሊ ሜትር ከነበረ፣ እምብርቱ ካልተበላው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ይህን ነጥብ ለባለሙያው ምልክት አድርገው ያሳዩ፤ ክንዱም በፍሬዛ ማሽን ላይ በጥብቅ ታስሮ እንዲበሳ ይጠይቁ። ፍሬዛ ከሌለ በእጅ ከሚያዝ መሰርሰሪያ ይልቅ ቋሚ ትራፓኖ ይሻላል።

ለ6 ሚሊ ሜትር ፒን የውጭ ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ የነሐስ ቡሽ ይበቃል። ቀዳዳው ከሰፋ በኋላ በዙሪያው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም መቅረት አለበት፤ ይህን ያህል ካልቀረ ቀጭን ቡሽ ይመረጥ። ቡሹ ከቀዳዳው በ0.02 ወይም በ0.03 ሚሊ ሜትር በልጦ ይቀረጽና በሞርሳ መካከል በሁለት ለስላሳ ጣውላዎች ተይዞ በቀስታ ይገፋ። በግፊት ሲገባ ውስጡ ጥቂት ይጠባል፤ ስለዚህ የውስጡ ልክ በሪመር የሚስተካከለው ከገባ በኋላ ነው። ፒኑ በቡሹ ውስጥ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ኖሮት በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ መውረድ አለበት። ከዚህ የጠበቀ እንደሆነ ትንሽ አፈር ሲገባበት ይይዛል፤ ነዳጅ መስጫው እንደተከፈተ ይዞ የቀረ ሞተርም በሐይቅ ላይ ከላላው ሞተር ይልቅ አደገኛ ነው።

ፒኑ ከማይዝግ ብረት ቢሠራ ይመረጣል። ይህ ካልተገኘ የጠንካራ ቡሎን ጥርስ የሌለው ገላ ተቆርጦ ሊያገለግል ይችላል፤ ቀዳዳው ውስጥ የሚሠራው ክፍል ለስላሳ መሆኑ ብቻ ይረጋገጥ። የተበላን የአሉሚኒየም ክንድ በብየዳ ሞልቶ እንደገና መብሳትን አልመክርም። አሮጌ አሉሚኒየም ዘይት ጠጥቶ የቆየ ስለሆነ ብየዳውን በደንብ አይቀበልም፤ ሙቀቱም ክንዱን ያጣምመዋል።

ሮለሯና ካሙ

ሮለሯ ብዙ ጊዜ የናይለን ስትሆን፣ መዞር ስታቆም በአንድ ወገኗ ትበላና ጠፍጣፋ ትሆናለች። ከካሙ ሰፋ ብላ የተሠራች ከሆነ ዳርና ዳሯ ሳይነካ ስለሚቀር የቀድሞ ስፋቷ በዚያ ይገኛል። አዲሲቱ ከናይለን ዘንግ በቶርኖ ትቀረጻለች፤ ናይለን ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ የመሐል ቀዳዳዋ ከነሐሱ ይልቅ ሰፋ ብሎ፣ ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይሰጣት። የካሙ ገጽ ጥቂት የተጫረ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። የጎደጎደ ከሆነ ግን መለወጥ አለበት፤ የካሙ ቅርጽ ራሱ የሞተሩ ልክ ስለሆነ በሞረድ አይነካም።

የመሪው ጥርሶችና ኬብሎች

በመሪው ክንድ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቢላሉ አብዛኛውን ጊዜ የተበላው ጥርሱ ሳይሆን ዘንጉን የያዘው ቡሽ ነው፤ ቡሹ ሲለወጥና ከጥርሱ በስተጀርባ ቀጭን ሮንዴላ ሲጨመር ጥርሶቹ ጥብቅ ይሆናሉ። ኬብል ላለው ሞተር ደግሞ የማስተካከያ ዳዶዎቹን በማዞር ልልነቱ ይወገዳል። የተበጣጠሰ ገመድ ካለ ግን ውፍረቱ እኩል የሆነ የሞተር ሳይክል ወይም የባጃጅ ኬብል ሊያገለግል ይችላል፤ ሁለቱ ኬብሎች አብረው ይለወጡ። የጫፉ ጭንቅላት በደንብ ይበየድ እንጂ በፒንሳ ተጨፍልቆ አይታሰር።

መልሶ መግጠም

ሁሉንም በፎቶው መሠረት ይመልሱ፤ በየፒኑ ሮንዴላና አዲስ ኮፒሊያ ያድርጉ። በነሐሱ ቡሽ ላይ ቀጭን ዘይት ይበቃል፤ ግራሶ ተዝረክርኮ ከተቀባ ደለሉን ይሰበስባል። መላሹ ሞላ የቀድሞው ወይም በጥንካሬው እኩል የሆነ ይሁን። እጀታው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲለቀቅ፣ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታጥፎ ሳለ፣ ማያያዣው የትም ቦታ ሳይይዝ በነፃነት መመለሱን ይፈትሹ።

እሳትና አየርን ማስማማት

ማያያዣው ከጠበቀ በኋላ የቀድሞው ማስተካከያ አይሠራም፤ ልልነቱን ታሳቢ ያደረገ ነበርና። በመጀመሪያ የፑንቲናው ክፍተት ይለካ፤ በብዙ የቆዩ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ሞተሮች 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለሌሎች ሞተሮች በራሳቸው መመሪያ ያለው ልክ ይወሰድ።

ከዚያ የካሙን ምልክት ይፈልጉ። በካሙ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጭረቶች አሉ፤ ቢራቢሮው መከፈት በሚጀምርባት ቅጽበት የሮለሯ እምብርት በጭረቱ ላይ ወይም በሁለቱ ጭረቶች መካከል መገኘት አለበት። ችግሩ ያቺን ቅጽበት በዓይን መያዝ አለመቻሉ ነው። ለዚህ የሚረዳው 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጠንካራ ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦውን በቢራቢሮው ዘንግ ጫፍ ላይ በመቆንጠጫ ያስሩ፤ ከሽቦው ጫፍ በስተጀርባ ወረቀት ያቁሙ። ዘንጉ በ1 ዲግሪ ብቻ ሲዞር የሽቦው ጫፍ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ እንዲህ ሲሆን የመከፈቱ መጀመሪያ ግልጽ ሆኖ ይታያል። እጀታውን በጣም በቀስታ ይጠምዝዙና የሽቦው ጫፍ ሊንቀሳቀስ ሲል ያቁሙ። ሮለሯ ጭረቱን ሳትደርስ ቢራቢሮው ከተከፈተ አየሩ ከእሳቱ ቀድሟል፤ ጭረቱን አልፋ ከተከፈተ እሳቱ ከአየሩ ቀድሟል። የማስተካከያ ቡሎኑን ላላ አድርገው ካሙን ወይም የሮለሯን ክንድ ያንቀሳቅሱ፤ ያጥብቁና እንደገና ይፈትሹ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ልኩን ጥቂት ስለሚያንሸራትተው ከአንድ ጊዜ በላይ መመላለስ ይጠበቃል።

ባለሁለት ካርቡሬተር ሞተር ከሆነ ለእያንዳንዱ ሽቦ ይታሰርና ሁለቱም ጫፎች በአንድ ጊዜ እንዲነሡ የሚያያይዛቸው ዘንግ ይስተካከል። በመጨረሻም እጀታው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ቢራቢሮው ከአየር መግቢያው ጋር ትይዩ ሆኖ መቆሙን ይመልከቱ። ማገጃውን የሚነካው የማግኔቶው ክንድ እንጂ ቢራቢሮው አይሁን፤ ቢራቢሮው ቀድሞ ከነካ የነጂው የእጅ ጉልበት ሁሉ አዲሶቹ ፒኖች ላይ ያርፋል።

በበርሜልና በሐይቁ ላይ መፈተን

ሞተሩ ያለ ውኃ ለአጭር ጊዜም አይነሣ፤ የውኃ ፓምፑ የጎማ ክንፎች በደረቅ ሲዞሩ ወዲያው ይበላሻሉ። ጎንደር ላይ የሚደረገው ፈተና በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ሆኖ፣ ሞተሩ መነሣቱን፣ በዝግታ መሥራቱን፣ እጀታው ሲለቀቅ መመለሱንና ማጥፊያው መሥራቱን ለማረጋገጥ ብቻ ይሁን። የዝግታ ድብልቅ ቡሎኑን (ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን) በቀላሉ እስኪነካ ድረስ ዘግተው በአንድ ዙር ተኩል ይክፈቱትና ለጊዜው በዚያው ይተዉት።

የመጨረሻው ማስተካከያ ጎንደር ላይ እንዳይደረግ አጥብቄ የምመክርበት ምክንያት ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ሲገኝ ከተማዋ ከሐይቁ በ300 ሜትር ያህል ትበልጣለች። በሐይቁ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው፤ በከተማዋ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። ጎንደር ላይ ቤንዚኑ ተቀንሶ ልክ የሆነ ሞተር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ጎርጎራ ሲወርድ የሚያገኘው አየር ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በመሆኑ፣ ቤንዚን ሲያንሰው ፒስተኑ ከመጋሉም በላይ ቅባቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ የድብልቅ ቡሎኑ ጎርጎራ ላይ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ጀልባው ታስሮ ማርሽ ገብቶ በዝግታ እየሠራ ሳለ ይስተካከል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ውኃው ጸጥ ስለሚል ሰዓቱ ይህ ቢሆን ይመረጣል። ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል እስኪያነጥስ ድረስ ቡሎኑን በጥቂት በጥቂቱ ይዝጉ፤ ከዚያ ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር መልሰው ይክፈቱ። ከዳርቻው ሳይርቁ እጀታውን በፍጥነት ከፍተው ይመልከቱ፤ ሞተሩ ሳይታነቅና ሳይዘገይ ከተነሣ ልኩ ደርሷል። ከታነቀ ድብልቁን ከመንካት በፊት ወደ ሽቦው ይመለሱና የካሙን ምልክት እንደገና ይዩ።

ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ክዳኑን ከፍተው ኮፒሊያዎቹን፣ የማስተካከያ ቡሎኖቹንና የቡሾቹን ጠርዝ ይመልከቱ። አዲስ ቡሽ መጀመሪያ ላይ ጥቂት የነሐስ ዱቄት ቢያወጣ የተለመደ ነው፤ በሁለተኛው ምርመራም ካላቆመ ፒኑ ሻካራ ነውና ወጥቶ ይለስልስ። በክረምት ሞተሩ ከጣና በወጣ ቁጥር ማያያዣው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይትም ይደረግበት።